የጓደኛን አሮጌ የሰብሳቢ ሽጉጥ ዋጋ አውጥቶ መሸጥ፦ አሜሪካ ለምትኖሩ የአሠራር መመሪያ

«አንድ ወዳጄ አሮጌ ሽጉጦች አሉት። እንግሊዝኛውም ኢንተርኔቱም ስለሚከብደው ሽጥልኝ ብሎኛል። ስንት ልበል? ለማንስ ልሽጥ?» ይህ ጥያቄ ከቨርጂኒያም ከሜሪላንድም ከቴክሳስም ይመጣልኛል። አንዳንዴ ሰብሳቢው አርፎ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘውን ነገር ምን እንደምታደርገው የጨነቃት ሚስቱ ናት ጠያቂዋ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ እዚህ ላስቀምጠው።

መመሪያው የሚያገለግለው አሜሪካ ውስጥ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዳዩ የሚገዛው በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ስለሆነ እዚህ ያለው እዚያ አይሠራም። ከአሜሪካ ሽጉጥ ወደ ውጭ አገር ማውጣት የመንግሥት የኤክስፖርት ፈቃድ ይፈልጋልና «ለወንድሜ ልላክለት» የሚለውንም ከወዲሁ ተዉት።

ሥራው የሚቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው። እናንተ ትመረምራላችሁ፣ ዋጋ ታወጣላችሁ፣ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ትደራደራላችሁ። ሽጉጡ ግን ከባለቤቱ ወደ ባለፈቃድ ነጋዴ፣ ከነጋዴው ወደ ገዢ ይሄዳል። በእናንተ ስም አይመዘገብም፣ በእናንተ ቤት አያድርም፣ ገንዘቡም በእናንተ የባንክ ሒሳብ አያልፍም። ባለፈቃድ ነጋዴ ስል ኤቲኤፍ ከሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት የንግድ ፈቃድ ያለውን ማለቴ ነው፤ በገበያው ውስጥ ሁሉም የሚጠራው ኤፍኤፍኤል እያለ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች

የመጀመሪያው ስለ መኖሪያ ፈቃድ ነው። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በጊዜያዊ ሠራተኛ ቪዛ ያለ ሰው፣ ከጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች በቀር፣ በፌዴራል ሕግ ሽጉጥም ጥይትም መያዝ አይችልም። ክልከላው መግዛትን ብቻ የሚመለከት አይምሰላችሁ፤ ለፎቶ ብሎ እጅ ላይ ማድረግም ሊያስከስስ ይችላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ይህ ክልከላ አይነካውም። ሆኖም የጦር መሣሪያ ጥፋት ግሪን ካርድ ያለውንም ከአገር ሊያስባርር ይችላል። የጥገኝነት ጉዳዩ በመታየት ላይ ያለ ወይም ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የጥበቃ ፈቃድ) ያለው ሰው ከመንካቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃውን ይጠይቅ። እስከዚያው ስልክ መደወልና ዋጋ ማጥናት ማንንም አያስከስስም።

ሁለተኛው ስለ ኮሚሽን ነው። የራሱን ስብስብ የሚሸጥ ሰው ፈቃድ አያስፈልገውም። ትርፍን ዋና ዓላማው አድርጎ ደጋግሞ የሚያሻሽጥ ግን ያስፈልገዋል፤ ያለ ፈቃድ ቢሠራ እስከ 5 ዓመት እስር አለው። በ2022 ኮንግረስ ሕጉን ሲያሻሽል ይህን ትርጉም ሰፋ አድርጎታል። ዛሬ ለአንዱ ጓደኛ ሸጣችሁ 10 በመቶ፣ በወሩ ለሌላው ሸጣችሁ 10 በመቶ ከወሰዳችሁ ሕጉ ዘንድ ደላላ ሳይሆን ፈቃድ የሌለው ነጋዴ ናችሁ። የእኔ ምክር አጭር ነው፦ ምሳ ይጋብዛችሁ፣ ኮሚሽን አትቀበሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የባለቤቱ መታወቂያ፣ ካለም የግዢ ደረሰኝ፣ እንዲሁም ሁለታችሁ የምትፈርሙበት ወረቀት
- ቀጭን የላስቲክ ጓንት (የእጅ ላብ ጨው ስላለው አሮጌ ብረት ላይ የጣት አሻራው ዝገት ሆኖ ይቀራል)
- ግራጫ ወይም ደብዛዛ ቀለም ያለው ፎጣ
- ትንሽ የእጅ ባትሪና ማጉያ መነጽር
- ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ
- ንጹሕ የጥጥ ጨርቅና ቀጭን የሽጉጥ ዘይት
- የሚቆለፍ ጠንካራ ሳጥን
- ብሉ ቡክ ኦፍ ጋን ቫሊዩስ የሚባለው የዋጋ መጽሐፍ፣ የቅርብ ዓመት እትም
- እያንዳንዱን ሽጉጥ በየራሱ መስመር የምትመዘግቡበት ደብተር ወይም ስፕሬድሺት

መፍቻ፣ ብረት መወልወያና የሽቦ ብሩሽ ክፍሉ ውስጥ አታስገቡ። ጥይትም ሌላ ክፍል ይቀመጥ።

ደረጃ 1፦ ከባለቤቱ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ

አንድ ገጽ ይበቃል። የእያንዳንዱ ሽጉጥ ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር፣ ባለቤቱ ከዚህ በታች አልሸጥም የሚለው ዋጋ፣ የነጋዴና የማጓጓዣ ወጪ የማን እንደሆነ፣ በስንት ጊዜ ካልተሸጠ ምን እንደሚደረግ ጻፉና ፈርሙ። የዋጋውን ወለል አሁን መጻፍ የሚያስፈልገው፣ ሰው «የፈለግከውን አድርግ» ብሎ ከሰጠ በኋላ ሽጉጡ በ1,800 ዶላር ሲሸጥ «እኔ እኮ 3,000 ነበር የገመትኩት» ስለሚል ነው። ወዳጅነት በዚህ ይበላሻል።

ባለቤቱ ካረፈ፣ የመሸጥ ሥልጣን ያለው ፍርድ ቤት የሾመው የውርስ አስፈጻሚ ነው። ሚስትም ብትሆን፣ ታላቅ ልጅም ቢሆን፣ የሹመት ደብዳቤውን ሳታዩ አትጀምሩ። ያለ እሱ የተሸጠ ንብረት ላይ ሌላ ወራሽ በኋላ ክስ ሊያነሳ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ

ባለቤቱ «ባዶ ነው» ቢልም እያንዳንዱን በየተራ ፈትሹ፤ አፈሙዙ ሁልጊዜ ሰው ወደሌለበት ይዙር፣ ጣታችሁም ከቃታው ይራቅ። ባለካዝና ሽጉጥ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ካዝናውን አውጡ፣ ከዚያ ስላይድ የሚባለውን ተንሸራታች የላይኛ ክፍል ወደ ኋላ ስባችሁ የጎረሰ ጥይት አለመኖሩን በባትሪ እዩ። ካዝናው ሳይወጣ ስላይዱን ስባችሁ ከለቀቃችሁት የመጀመሪያው ጥይት ቢወጣም ቀጣዩን ራሱ ያጎርሳል። ካዝናው ወጣ ማለት ባዶ ነው ማለትም አይደለም፤ ጀርመን ሠራሹን ሉገርን ጨምሮ ብዙ አሮጌ ሽጉጦች ካዝና ሳይኖራቸው የጎረሱትን ይተኩሳሉ።

ሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚገባበት ሽጉጥ ከሆነ፣ ከበሮውን ወደ ጎን አውጥታችሁ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ እዩ። ስትመልሱት በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ አስገቡት። በፊልም እንደሚያደርጉት አንጓን ወዝወዝ አድርጎ መዝጋት የከበሮውን ማያያዣ ያጣምመዋል፤ አዋቂ ገዢ ደግሞ ጥመቱን በደቂቃ ውስጥ ያገኘዋል። ለሙከራም ቢሆን ቃታ አትሳቡ፤ ጥይቱን የሚመታው አሮጌ መርፌ ይሰበራል። አከፋፈቱን የማታውቁት ሽጉጥ ከገጠማችሁ አትታገሉት፤ ባለፈቃድ ነጋዴ ዘንድ ደውላችሁ እንዴት ይምጣ በሉ።

ደረጃ 3፦ ምን እንደሆነ ለዩ

«ኮልት ነው» ማለት «ቶዮታ ነው» እንደማለት ነው፤ ዋጋ አይነግራችሁም። የምትፈልጉት ሞዴል፣ የተሠራበት ዓመት፣ የአፈሙዝ ርዝመትና የጥይት ዓይነት ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል ብረቱ ላይ ተጽፏል ወይም ከሲሪያል ቁጥሩ ይገኛል።

ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ከ1957 ጀምሮ ለሪቮልቨሮቹ የሞዴል ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ የሚታየው ከበሮውን ስታወጡ ማያያዣው ከሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ቁጥር ከሌለው ከዚያ በፊት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ቸኩላችሁ ርካሽ ነው አትበሉ። ኮልት ፓይተን በ1955 ወጣ፣ በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ ቆመ፣ በ2020 ደግሞ አዲስ ሆኖ ተመለሰ። አሮጌውና አዲሱ ስማቸው አንድ፣ ገበያቸው ግን የተለያየ ነው። ዋጋ ስትፈልጉ የሁለቱን ሽያጭ ከቀላቀላችሁ ስሌታችሁ ከመጀመሪያው ተበላሸ።

ጀርመን ሠራሹ ሉገር ላይ ትንንሾቹ ክፍሎች ሳይቀሩ ብዙ ጊዜ የሲሪያሉን የመጨረሻ ሁለት አኃዝ ይይዛሉ። ሁሉም ቁጥር አንድ ከሆነ፣ በተለይ ካዝናውም ከተስማማ፣ ዋጋው ከተቀላቀለው ብዙ ይርቃል። በጣሊያን ወረራ ዘመን አገራችን በደንብ ያወቀችው ቤሬታ 1934 ላይ ደግሞ የተሠራበት ዓመትና ከጎኑ የፋሽስቱን ዘመን አቆጣጠር የሚያሳይ የሮማ ቁጥር ተመቶ ታገኛላችሁ። የአሜሪካ ጦር ኮልት 1911 የመርማሪ ማኅተሞች ስላሉት ማኅተሙን በማጉያ አንብቡ፤ ሲንገር የተባለው የልብስ ስፌት መኪና ኩባንያ የሠራቸው 500ዎቹ በጣም ስለሚፈለጉ የሐሰት ሥራም ይበዛባቸዋል። ሲንገር የሚል ካያችሁ ከመደሰታችሁ በፊት ባለሙያ ጥሩ።

አስመጪ ማኅተም ፈልጉ። ከ1968ቱ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ወዲህ ከውጭ የገባ መሣሪያ የአስመጪውን ስምና ከተማ መያዝ አለበት፤ ብዙ ጊዜ አፈሙዙ ሥር በጥቃቅን ፊደል ነው። ማኅተም የሌለውና አንድ ወታደር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይዞት እንደተመለሰ የሚያሳይ በአዛዡ የተፈረመ ወረቀት ያለው ሽጉጥ ከተመታው ይበልጣል። ወረቀቷን አትጣሉ፣ በፕላስቲክም አታሽጓት።

እዚህ ላይ እኛ አንድ ብልጫ አለን። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ የሰብሳቢ ገበያ የገቡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ላይ በግዕዝ ፊደል የተመታ ጽሑፍ ይታያል። ሻጮቹ ማንበብ ስለማይችሉ «የማይታወቅ ምልክት» ብለው ያልፉታል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በእጃችሁ ባለው ሽጉጥ ላይ ካገኛችሁ አንብባችሁ፣ ተርጉማችሁ መግለጫው ውስጥ አስገቡት።

ውድ ሊሆን ይችላል ብላችሁ ለምትጠረጥሩት ኮልት ወይም ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የፋብሪካ መዝገብ ደብዳቤ ማዘዝ ይቻላል። ደብዳቤው ሽጉጡ መቼ፣ ወዴት፣ በምን ቀለምና በምን እጀታ እንደተላከ ይናገራል። የሚከፈልበት ስለሆነ ለተራው ሽጉጥ አታዝዙ።

ደረጃ 4፦ ሲሪያሉ ንጹሕ መሆኑን አረጋግጡ

አሮጌ ስብስብ ውስጥ ከዓመታት በፊት ተሰርቆ የዞረ ሽጉጥ ባለቤቱ ሳያውቀው ሊገኝ ይችላል። የፖሊስን የተሰረቁ ዕቃዎች መዝገብ እናንተ ማየት አትችሉም። ባለቤቱ የአካባቢውን ፖሊስ በድንገተኛ ባልሆነው ስልክ ደውሎ ቁጥሩን ማስመርመር ይችላል፤ አንዳንድ ነጋዴዎችም ያስደርጋሉ። ሽጉጡን ተሸክማችሁ ጣቢያ አትሂዱ፤ ቁጥሩ ይበቃል።

ሲሪያሉ የተፋቀ ወይም የተቀየረ ከሆነ አቁሙ። እንዲህ ያለውን መያዝ ራሱ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ባለቤቱ ለጠበቃ ይደውል፤ እናንተ አትንኩት፣ አታጓጉዙትም። ከ1968 በፊት የተሠሩ አንዳንድ ሽጉጦች ግን ከፋብሪካ ሲወጡም ቁጥር ስላልነበራቸው፣ ባዶ ቦታ ስታዩ የተፋቀ ይሁን ከመጀመሪያው ያልነበረ ነጋዴው ይለይላችሁ።

ደረጃ 5፦ ሁኔታውን መዝኑ

ዋጋ የሚወስነው እዚህ ነው፤ ጊዜ ስጡት። ሰብሳቢዎች የሚለኩት በመቶኛ ሲሆን ጥያቄው ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው ቀለም ስንት እጁ ቀርቷል የሚል ነው። ብሉንግ የሚሉት ጥቁር ሰማያዊ ቀለም መጀመሪያ የሚለቀው አፎት ከሚነካው ከአፈሙዙ ጫፍ፣ እጅ ከሚይዘው ከእጀታው ፊትና ጀርባ፣ በሪቮልቨር ደግሞ በከበሮው ዙሪያ ነው። በመስኮት ብርሃን፣ ሽጉጡን ቀስ እያላችሁ እያዞራችሁ እዩ። ከ60 እስከ 70 በመቶ ያለው የዋጋ ልዩነት ትንሽ ነው፤ ከ95 እስከ 98 ያለው ግን ሰፊ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ የሚገዛው ሰው ጭረት እየቆጠረ ነው የሚገዛው።

ዳግም የተቀባ ሽጉጥ ብዙ ጊዜ ግማሽ ዋጋውን ያጣል፣ ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ የፊደሎቹ ጠርዝ ደብዝዟል፤ ስለት መሆን የነበረበት ማዕዘን ተሞርዶ ክብ ሆኗል፤ የብሎን ቀዳዳዎች ዙሪያ ጎድጉዷል፤ ከፋብሪካ የተለየ ቀለም የነበራቸው ቃታና መምቻም እንደ ሌላው ጠቁረዋል። ጥርጣሬ ካለ መግለጫው ላይ «ዳግም የተቀባ ይመስላል» ብላችሁ ጻፉ። ደብቃችሁ ብትሸጡት ሽጉጡ ይመለስባችኋል።

አፈሙዙን ውስጡን በባትሪ እዩ፦ ጠመዝማዛዎቹ ቦዮች ስለታም ናቸው ወይስ የተበሉ? ጉድጓድ አለ? የብሎኖቹን አናት እዩ፦ ከተላጠ ሰው ከፍቶታል ማለት ነው። እጀታው የራሱ ነው ወይስ በኋላ የተቀየረ? የፋብሪካው እጀታ መሳቢያ ውስጥ ተጥሎ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱን አስፈልጉት። ሣጥኑንም፣ መመሪያውንም፣ ማጽጃ ዘንጉንም፣ የፋብሪካ ካዝናዎቹንም እንዲሁ። ለአሮጌ ፓይተን ሲሪያሉ የተጻፈበት የራሱ ካርቶን ብቻውን በመቶዎች ዶላር ይጨምራል፤ ስንቱ ቤት ግን ቆሻሻ ነው ተብሎ ተጥሏል።

ማስጠንቀቂያ፦ አታጽዱት፣ አታብረቅርቁት። በጥጥ ጨርቅ ላይ ጠብታ ዘይት አድርጎ መጥረግ ይበቃል። ቡናማው አሮጌ መልክ ለሰብሳቢ ጉድለት አይደለም፤ በመወልወያ የተፋቀው ግን ነው፣ አይመለስምም።

ደረጃ 6፦ ዋጋ አውጡ

ብሉ ቡክን ለመነሻ ተጠቀሙ፤ በየመቶኛው ምን ያህል ልዩነት እንዳለ ያሳያችኋል። መጽሐፍ ግን ከገበያ ኋላ ይቀራል። እውነተኛው ዋጋ ያለው የተጠናቀቁ ሽያጮች ዘንድ ነው። ጋንብሮከር የሚባለው የኢንተርኔት የሽጉጥ ጨረታ ገጽ ላይ ስትገቡ ፍለጋውን ወደ ተጠናቀቁት ጨረታዎች አዙሩና በርግጥ የተሸጡትን ብቻ ውሰዱ። ማንም ሰው የ1,500 ዶላር ሽጉጥ ላይ 4,000 ብሎ መለጠፍ ይችላል፤ ለዓመት ሳይሸጥ ተሰቅሎ ይቀመጣል። ባለቤቱ ስልኩ ላይ አይቶ የሚያሳያችሁ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ይኸኛው ነው።

የጨረታ ቤት ውጤት ስታነቡ ደግሞ ገዢው ለጨረታ ቤቱ የሚጨምረውን ክፍያ ቀንሱ። በ2,000 ዶላር መዶሻ የወደቀ ዕቃ ላይ ገዢው 20 በመቶ ጨምሮ ከከፈለ ውጤቱ 2,400 ተብሎ ይታያል። ሻጩ ግን ከ2,000ው ላይ የጨረታ ቤቱ ድርሻ ተቀንሶ ነው የደረሰው።

ቢያንስ ሦስት ተመሳሳይ ሽያጭ አግኙ፣ ከአንድ ዓመት ያልበለጡ፣ በሞዴልም በርዝመትም በቀለምም የሚገጥሙ። ከዚያ አስተካክሉ። ለማስረዳት ብቻ በፈጠርኳቸው ቁጥሮች እንየው። የ1970ዎቹ ፓይተን፣ 6 ኢንች፣ 90 በመቶ፣ ሣጥን የሌለው በእጃችሁ አለ። ሦስት ሽያጭ አገኛችሁ፦ 2,600፣ 2,750 እና ሣጥኑን የያዘ 3,400። ሦስቱን ደምራችሁ ለሦስት ብታካፍሉ 2,900 ገደማ ይመጣል፤ ይህ ስሕተት ነው፣ ምክንያቱም ሦስተኛው የእናንተን አይመስልም። የእናንተ ገበያ ከ2,600 እስከ 2,750 ነው። 2,800 ብላችሁ ትለጥፋላችሁ፣ ከ2,450 በታች አትወርዱም። በአደራ የሚሸጥ ነጋዴ 15 በመቶ ቢወስድና 2,700 ቢሸጥ ለባለቤቱ የሚደርሰው 2,295 ነው። ለባለቤቱ የምትነግሩት ይህንን የመጨረሻውን ቁጥር ይሁን።

የሰብሳቢውን ታሪክ በዋጋ አትቁጠሩ። «የጄኔራል እገሌ ነበር» የሚል ወሬ ያለ ወረቀት ዜሮ ዶላር ነው።

ደረጃ 7፦ የሽያጭ መንገድ ምረጡ

ሦስት መንገድ አለ። ነጋዴ በጥሬ ገንዘብ ይገዛዋል፦ ፈጣን ነው፣ ግን እሱም መሸጥና ማትረፍ ስላለበት ከገበያው ግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ቢያቀርብላችሁ አትገረሙ። በአደራ ይሸጥላችኋል፦ ኮሚሽኑ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ሲሆን ማስታወቂያውንም ወረቀቱንም ማጓጓዣውንም እሱ ይሠራል። ወይም ትልቅ የጨረታ ቤት ይወስደዋል፤ ይህ ለውድና ብርቅ ለሆነው ወይም ለብዙ ስብስብ ነው የሚያዋጣው።

ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ሁለተኛውን ነው። አንድ ነገር ብቻ እወቁ፦ በአደራ የተሰጠ ሽጉጥ ሳይሸጥ ቀርቶ ለባለቤቱ ሲመለስ ባለቤቱ ራሱ 4473 የሚባለውን የፌዴራል የመሣሪያ መረከቢያ ፎርም ሞልቶ ባክግራውንድ ቼክ ማለፍ አለበት። ስለዚህ ወደ ነጋዴው ሄዶ በስሙ ማስረከብ ያለበት ባለቤቱ ነው። እናንተ በስማችሁ ካስረከባችሁ ወረቀቱ የእናንተን ስም ይዞ ይቀራል፣ ሲመለስም ለእናንተ ይመለሳል፤ ትልቅ ችግር ነው።

ፌስቡክ ከ2016 ጀምሮ በግለሰቦች መካከል የጦር መሣሪያ ሽያጭ ከልክሏል፤ ኢቤይም ክሬግስሊስትም አይፈቅዱም። የሐበሻ ግሩፖችና የቴሌግራም ቻናሎች ላይ መለጠፍ ደግሞ ገዢው ማን እንደሆነ፣ የትኛው ስቴት እንዳለ፣ መያዝ ይፈቀድለት እንደሆነ ለማወቅ ዕድል አይሰጥም፤ የባለቤቱ ቤት ሽጉጥ እንዳለውም ለሌባ ይነግራል።

ደረጃ 8፦ ፎቶና መግለጫ

ነጋዴው ፎቶ ቢያነሳም የእናንተ የተሻለ ይሆናል፤ እሱ በቀን ብዙ ነው የሚያነሳ። ደመናማ ቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ። ፍላሽ የቀለሙን ጉድለት ይደብቃል፤ ገዢውም ይህን ስለሚያውቅ ይጠራጠራል። ሁለቱን ጎን፣ ላይኛውንና ታችኛውን፣ የአፈሙዙን ጫፍ፣ ማኅተሞቹን ሁሉ፣ የእጀታውን ሁለት ገጽ፣ ሣጥኑንና ወረቀቱን አንሱ። ከሁሉ በላይ ጉድለቶቹን በቅርብ አንሱ፦ ጭረት፣ የዝገት ነጥብ፣ የተላጠ ብሎን። ጉድለቱን አስቀድሞ ያየ ገዢ ተከራክሮ አይመልስም።

መግለጫው ውስጥ የምታውቁትንና የምትገምቱትን ለዩ። «ሁሉም ቁጥር ይገጥማል» ማለት የምትችሉት ሁሉንም ካያችሁ ብቻ ነው። የመመለሻ ጊዜ ጻፉ፤ የተለመደው ሽጉጡ ደርሶ ካዩት በኋላ 3 ቀን፣ ሳይተኮስበት የሚል ነው።

ደረጃ 9፦ ዝውውሩን በሕጉ አስኪዱ

ገዢው ሌላ ስቴት ከሆነ ሽጉጡ የግድ ወደ ገዢው ስቴት ባለፈቃድ ነጋዴ ይሄዳል፤ ገዢው እዚያ ፎርሙን ሞልቶ ይረከባል። ፌዴክስም ዩፒኤስም ሽጉጥ የሚቀበሉት ከባለፈቃድ ብቻ ስለሆነ በራሳችሁ ለመላክ አትሞክሩ፤ ነጋዴው ይላከው። ሽጉጡ እዚያ ስቴት ይፈቀድ እንደሆነና ካዝናው ከ10 ጥይት በላይ ከያዘ ችግር እንደሚኖረው ተቀባዩ ነጋዴ ከመላኩ በፊት ያረጋግጥ።

ገዢው እዚያው ስቴት ከሆነም ስቴቱ ይወስናል። ቨርጂኒያ በጁላይ 1፣ 2020 በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ሽያጭ በነጋዴ በኩል ባክግራውንድ ቼክ እንዲያልፍ የሚያስገድድ ሕግ ሥራ ላይ አውላ ነበር፤ ሕጉ ፍርድ ቤት ስለደረሰ አሁን ይሠራ እንደሆነ ነጋዴውን ጠይቁ። ሜሪላንድ ሽጉጥ በነጋዴ ወይም በስቴት ፖሊስ በኩል እንዲያልፍ ታዝዛለች፤ የ7 ቀን መጠበቂያም አለ። ቴክሳስና ጆርጂያ ይህን አያስገድዱም። እኔ ግን እዚያም በነጋዴ በኩል አድርጉ እላለሁ፤ ጥቂት ዶላር ነው፣ ሽጉጡ ነገ ወንጀል ላይ ቢገኝ ለማን እንደተላለፈ የሚያሳይ ወረቀት ይኖራል።

ሁለት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ቢያንስ 50 ዓመት የሞላውና እንደ ተሠራ ያለ ሽጉጥ ኪዩሪዮ ኤንድ ሬሊክ ይባላል፤ ይህን የሰብሳቢ ፈቃድ የያዘ ገዢ፣ ስቴቱ ካልከለከለ፣ በቀጥታ ወደ አድራሻው ሊቀበል ይችላል። የፈቃዱን የተፈረመ ቅጂ ነጋዴያችሁ ይጠይቅ። በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ደግሞ በፌዴራል ሕግ እንደ ጦር መሣሪያ አይቆጠርም፤ የስቴት ሕግ ግን ሊለይ ስለሚችል እሱንም ነጋዴውን ሳትጠይቁ አታንቀሳቅሱ።

አንድ ገዢ በ5 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ሽጉጥ ከአንድ ነጋዴ ከወሰደ ነጋዴው ለኤቲኤፍ ሪፖርት ያደርጋል። ይህ የተለመደ ወረቀት ስለሆነ ገዢው «ቀናቱን እንለያይ» ካለ አትስማሙ።

ባለቤቱ ወደ ነጋዴው ሲነዳ ሽጉጡ ባዶ፣ በተቆለፈ ሳጥን፣ ትራንክ ውስጥ ይሁን፤ ጥይት አብሮ አይሂድ። ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትሄዱ ዋሽንግተን ዲሲን አቋርጣችሁ ዩ ስትሪት ላይ ለክትፎ አትቁሙ። የዲሲ ሕግ ያልተመዘገበ ሽጉጥ አይፈቅድም፤ የፌዴራል ሕግ የሚጠብቀው ያለማቋረጥ የሚያልፈውን መንገደኛ ነው። ቤልትዌዩን ዙሩ።

ደረጃ 10፦ ክፍያና ግብር

ገንዘቡ ከነጋዴው በቀጥታ ለባለቤቱ ይከፈል። ፔይፓልና ቬንሞ የጦር መሣሪያ ሽያጭ ስለማይፈቅዱ ሒሳብ ሊያግዱ ይችላሉ። የባንክ ቼክ ከመጣ ቼኩ እስኪጸዳ ሽጉጡ አይንቀሳቀስ፤ ሐሰተኛ ቼክ ባንክ ገብቶ ከቀናት በኋላ ነው የሚመለሰው። ከተስማማው ዋጋ በላይ ቼክ ልኮ «ትርፉን መልሱልኝ» የሚል ገዢ አጭበርባሪ ነው።

ባለቤቱ የገዛበትን ዋጋ የሚያሳይ ደረሰኝ ይፈልግ። ከአንድ ዓመት በላይ የተያዘ የሰብሳቢ ዕቃ ትርፍ ላይ የፌዴራል ግብሩ እስከ 28 በመቶ ሊደርስ ይችላል። የወረሰ ሰው ግን መነሻው ሟቹ የገዛበት ዋጋ ሳይሆን ባረፈበት ቀን የነበረው የገበያ ዋጋ ነው። ስለዚህ የውርስ ስብስብ ከሆነ በደረጃ 6 የሠራችሁትን ስሌት ሟቹ ባረፉበት ጊዜ አካባቢ ከተሸጡት ጋር ደግማችሁ ሥሩና ለሒሳብ ሠራተኛው ስጡ። ብዙ ጊዜ ግብሩን ወደ ትንሽ ወይም ወደ ምንም ያወርደዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

- ሽጉጡን «ለደኅንነት» ብሎ ከባለቤቱ ቤት ወደ ራሱ ቤት መውሰድ። ባለቤቱ ሌላ ስቴት ከሆነ ይህ ብቻውን ሕገ ወጥ ዝውውር ሊሆን ይችላል።
- ሁሉንም በጅምላ ለአንድ ነጋዴ መሸጥ። ከስብስቡ ውስጥ አንዱ የሌሎቹን ያህል ሊያወጣ ይችላል፤ እሱን መጀመሪያ ለዩ።
- ሣጥንና እጀታን ለየብቻ መሸጥ። አንድ ላይ ይሻላሉ።
- ለገዢ ጥይት በስጦታ መጨመር። ጥይት የራሱ የስቴት ሕግና የራሱ የማጓጓዣ ደንብ አለው፤ ባለቤቱ ጋ ይቅር።
- ከሽያጭ በኋላ ወረቀት መጣል። ነጋዴው የሰጠውን ደረሰኝ፣ የፎቶዎቹን ቅጂና በደረጃ 1 የፈረማችሁትን ስምምነት ባለቤቱም እናንተም ያዙ።